በባሚያ የታተመ ጥለት

ትናንት ለወጥ ባሚያ ስከትፍ የልጅ ልጄ ሳራ አጠገቤ ጉብ አለች። ትምህርት ቤቷ ገና አልተከፈተም፤ በዚህ በሰፈራችን በሶባ ሙቀት ደግሞ ልጅ ውጭ አይለቀቅም። ሥራ እንዳታስፈታኝ ብዬ አንዱን ባሚያ አግድም ለሁለት ቆርጬ፣ ትንሽ ሂና በጥብጬ፣ እየነከረች ወረቀት ላይ እንድታትም ሰጠኋት። አምስት ቅጠል ያላት አበባ ወጣች።

«ሐቦባ! ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። እዚህ የተወለደ ልጅ አያቱን ሐቦባ ነው የሚለው።

ያስተማረኝ እንኳ የለም። ከሥራ ሊያስባርረኝ ግን ጥቂት ነበር የቀረው።

ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ከአገሬ መጥቼ አል-ማንሺያ ሰፈር አንድ ሰፊ ግቢ ተቀጠርኩ። ሪምና ማዚን የሚባሉ ሁለት ልጆች ነበሩ፤ አያታቸውም አብረው ይኖራሉ። የአያትየዋ ባል በቅርቡ መሞታቸውን ሰምቻለሁ። የዚህ አገር ሴቶች ከራስ እስከ እግር በሚለብሱት ቶብ፣ በነጩ፣ ተጠቅልለው ሳያቸው ግን ሐዘኑን የጨረሱ መሰለኝ። እኛ አገር ባሏ የሞተባት ጥቁር ነው የምትለብሰው፤ ነጭ የበዓል ነው። ቅር ያለኝ ጥለት አለመኖሩ ብቻ ነበር። ያን የመሰለ ንጹሕ ነጭ እንዲያው ባዶውን!

አንድ ጠዋት እናታቸው ገበያ ስትወጣ ልጆቹ አላስቀምጥ አሉኝ። ባሚያ ቆርጬ፣ መደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን ሂና በጥብጬ ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ሲያልቅ ማዚን ከገመድ ላይ የደረቀውን ቶብ እየጎተተ መጣ።

«ያላ፣ ኑ፣ ለሐቦባ እናሳምርላት!»

ልከለክለው ሲገባኝ እኔው ራሴ ጠርዙን ወለሉ ላይ ዘረጋሁት። አንዱን አበባ ሪም፣ አንዱን ማዚን፤ ሲጣመምባቸው እኔ እያቃናሁ። ደስ ብሎኝ አንጎራጉር ነበር፣ ሞኟ!

እናታቸው በሩ ላይ ቆማ ጮኸች። «ዳ ሽኑ? ምንድነው ይሄ? እናቴ ሐዘን ላይ ናቸው እኮ! ነጭ እንጂ ሌላ አይለብሱም፣ ሂና እጃቸውን እንኳ አይነካም! ዕቃሽን ሰብስቢ!»

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ማደሪያም አልነበረኝም። ሐቦባ ጩኸቱን ሰምተው ከክፍላቸው ወጡና ጠርዙን አንስተው ብዙ አዩት።

«አገርሽ ባሏ የሞተባት ምን ትለብሳለች?» አሉኝ።

«ጥቁር» አልኩ በተሰባበረ ዓረብኛዬ፣ እያለቀስኩ። «እርስዎን በነጭ ሳይ የተጽናኑ መሰለኝ።»

ዞር ብለው ልጆቹን አዩ፤ እስከ ክርናቸው ሂና ሆነዋል። ሐቦባ ሳቅ አመለጣቸው፤ ወዲያው እንባቸው መጣ።

«ማሌሽ፣ ግድ የለም» አሉ። «ልጅቷ ትቆይ። ቶቡንም አስቀምጡልኝ፤ ሐዘኔ የሚያበቃበት ቀን አለ።»

ቀኑ ሲደርስ ልጃቸው ውድ ባለቀለም ቶብ ገዝታላቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ያንኑ አስወጥተው ለበሱት። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ጥለት ይባላል፣ የሐበሻ ነው» እያሉ ያስረዱ ነበር። እዚያ ቤት ስምንት ዓመት ኖርኩ። ሐሳቤን አይተው ጥፋቴን ስለተዉልኝ ዛሬም ባነሳኋቸው ቁጥር አመሰግናቸዋለሁ።

ሳራ ወረቀቷን ጨርሳ ወደ እኔ ተጠጋች። ባለቤቴ ካረፈ ዓመት አልፎታል፤ ልጆቼ ጥቁሩን አውልቂ ቢሉኝ እስከ ትናንት እሺ አላልኩም ነበር። ባሚያዋን ነክራ ቀሚሴ ላይ ጫነችው። ምንም አልታየም።

«ጥቁር ላይ አይወጣም» አለች፣ ቅር ብሏት።

ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩና ዓመት ሙሉ ያልነካሁትን ነጭ ነጠላዬን ወለሉ ላይ ዘረጋሁላት።

«ከጠርዙ ጀምሪ» አልኳት። «እሑድ ቤተ ክርስቲያን እለብሰዋለሁ።»