የሦስት ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር

ወልደተንሣኤ አንኮበር አጠገብ ባለች አንዲት ትንሽ ትምህርት ቤት አሥራ አንድ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኖ ሠራ። ጣራዋ አያፈስም፤ መምህራኗ አይቀሩም፤ ወላጆችም ለስብሰባ ሲጠሩ ይመጣሉ። ወረዳው ይህን አይቶ ሊሸልመው ወሰነ። ሽልማቱ ሌሎች ሁለት ትምህርት ቤቶች ነበሩ።

«የርዕሰ መምህር እጥረት አለብን» አለው የወረዳው ኃላፊ ጌታሰው። «አንተ ደግሞ ልምድ አለህ። ለሦስቱም ታካፍላለህ።»

«ሦስቱ እኮ አንድ ቦታ አይደሉም።»

«ለዚህ አይደል እንዴ መርሐ ግብር ያወጣንልህ?»

በመርሐ ግብሩ መሠረት ሰኞና ማክሰኞ ላይኛው የቀድሞ ትምህርት ቤቱ፣ ረቡዕ መካከለኛው፣ ሐሙስና ዓርብ ደግሞ አሊዩ አምባ አጠገብ ያለው ታችኛው ትምህርት ቤት ይውላል። ቁልቁለቱን ሲወርድ ጃኬቱን ያወልቃል፤ ሲወጣ መልሶ ይለብሳል። በደረሰበት ሁሉ የሚጠብቀው ትናንት መወሰን የነበረበት ጉዳይ ነው። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ እሱ ሁልጊዜ ሌላኛው ጋ ነው። በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ትምህርት ቤቶች «በሥራ ገበታው ላይ አልተገኘም» ተብሎ ተጻፈበት። ደብዳቤዎቹ የተላኩት ለየትምህርት ቤቶቹ ርዕሰ መምህራን ስለነበር ራሱ ተቀብሎ ራሱ ፋይል ውስጥ አስገባቸው።

ሚያዝያ ላይ ግን ጥፋቱ እውነተኛ ሆነ። ሦስቱንም ማኅተሞች በአንድ ቦርሳ ይዞ ስለሚዞር፣ በታችኛው ትምህርት ቤት ተማሪ በዩምና የስምንተኛ ክፍል ፈተና መመዝገቢያ ቅጽ ላይ የላይኛውን ማኅተም መታበት። ቅጹ ደብረ ብርሃን ካለው የዞኑ ትምህርት መምሪያ ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። ወልደተንሣኤ እንቅልፍ አጣ። በማግሥቱ የልጅቷን አባት፣ ነጋዴውን ዓወልን ይዞ ደብረ ብርሃን ወጣ።

ምዝገባውን የምትሠራው ባለሙያ ሰርካለም ትባላለች። ቅጹን ገልብጣ አየችው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «የሁለቱም ርዕሰ መምህር እኔ ነኝ።»

«አምንዎታለሁ። ግን አሠራር አለ። ታችኛው ለላይኛው ይጻፍ፤ ላይኛውም ተማሪዋ የእኔ አይደለችም ብሎ ይመልስ። ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዘው ይምጡ።»

«ምዝገባው መቼ ይዘጋል?»

«ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት።»

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠና በታችኛው ትምህርት ቤት ስም ትብብር በትሕትና የሚጠይቅ ደብዳቤ ጻፈ። ፈረመ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ አይቶ መታ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አውጥቶ በላይኛው ስም መልስ ጻፈ።

ዓወል ጎንበስ ብሎ ያይ ነበር። «ወላሂ፣ መልስ እንዲህ ፈጥኖ ሲመጣ አይቼ አላውቅም» አለ።

«ደግነቱ ላይኛው ጋ ያለውን ሰው አውቀዋለሁ» አለ ወልደተንሣኤ።

ሰርካለም ሁለቱን ከቅጹ ጋር አያይዛ ተቀበለች። «እንዲህ ስትግባቡ እኮ ሥራ ይቀላል» አለች። ዩምና ተፈተነች፤ ከወረዳው ሁለተኛ ወጣች።

በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ ላይ ጌታሰው የእነዚያን ደብዳቤዎች ቅጂ ከፍ አድርጎ አሳየ። በትምህርት ቤቶች መካከል በአንድ ቀን የተጻፈና የተመለሰ ደብዳቤ በወረዳው ታሪክ እንዳልነበረ ተናገረ። ቤቱ አጨበጨበ።

ወልደተንሣኤ ተነሣ። «የጻፍኩትም የመለስኩትም እኔው ነኝ» አለ።

«ቅንጅት ማለት ይኸው ነው» አለ ጌታሰው፤ አራተኛ ትምህርት ቤትም ጨመረለት።

አልተከራከረም። ክረምቱ ሳያልቅ ግን ከየትምህርት ቤቱ አንድ አንድ መምህር መርጦ ውክልና ጻፈላቸውና ማኅተሞቹን አስረከበ። ሥራው ሳይጠብቀው ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ ላይ ይህ ቅር አሰኝቶት ነበር፤ አሁን ሐሙስ ጠዋት ታችኛው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ገብቶ ክፍልፋይ ያስተምራል። ሪፖርቱ ላይ ለዚህ የሚሆን ቦታ ስለሌለ አይጽፈውም።