ካትማኗ እኔ ነኝ

በኬጅ ፍልሚያ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ያለው አዳራሽ ለእኔ አዲስ አልነበረም። ከሁለት ሳምንት በፊት እዚያው የጓደኛዬ ልጅ ሠርግ ላይ እልል ብዬበታለሁ። ሙሽሮቹ ተቀምጠውበት የነበረው ቦታ ላይ አሁን ስምንት ማዕዘን ያለው የሽቦ አጥር ቆሟል።

ሥራው ካትማን ይባላል። ከፍልሚያው በፊት የተፋላሚውን እጅ በጋዝና በቴፕ ይጠቀልላል፤ በዙሮቹ መካከል ባለችው አንድ ደቂቃ ደግሞ ደም ያቆማል። ሴት ስትሆን ምን እንደሚባል ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

ወደ ሥራው ያስገባኝ ኦቲስ ነው። የድሮ ቦክሰኛ ነው፤ አሌክሳንድሪያ ውስጥ አንድ አሮጌ ጎማ ቤት ተከራይቶ ተፋላሚዎችን ያሠለጥናል። እናቱ እኔ የምሠራበት ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነበሩ። አንድ ቀን ነስሯቸው ደሙ አልቆም ሲል፣ አፍንጫቸውን ይዤ እያጫወትኳቸው አቆምኩት። አዲስ አበባ አሥራ አንድ ዓመት ድሬሰር ነበርኩ፤ ደም አያስደነግጠኝም። ኦቲስ ቆሞ ሲያይ ነበር።

«ቅዳሜ ምን ትሠሪያለሽ?» አለኝ።

«የኳየር ልምምድ አለኝ።»

«ሰዎች ኬጅ ውስጥ ገብተው ይደባደባሉ። የሚደማውን የሚያቆምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ፖሊስ የለም እንዴ?»

«አለ። ቲኬት ገዝቶ የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል።»

ያኔ የምኖርባት ሜሪላንድ ይህን ውድድር ገና አልፈቀደችም ነበር። ስለዚህ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ ቨርጂኒያ ሄድኩ።

የመጀመሪያውን እጅ የጠቀለልኩት እንደ ተሰበረ ክንድ አድርጌ ነው። ጥብቅ ያለ፣ ንጹሕ፣ የሚያምር። ልጁ ጣቶቹን ማጠፍ አቃተው። ኦቲስ አየውና «አበባ፣ ይሄ ሰው ሊማታ ነው እንጂ ሊያገግም አይደለም የመጣው» አለኝ። በመቀስ ቆርጬ እንደገና ጀመርኩ። ውድድሩን ከሚቆጣጠረው የስቴቱ ኮሚሽን የተላከው ኢንስፔክተር አጠገቤ ቆሞ ያያል፤ ሲያልቅ ቴፑ ላይ በማርከር ፈረመ። ከዚያ በኋላ ማንም አይነካውም።

ዕቃዎቼ ጥቂት ነበሩ። ቫዝሊን፣ ደም የሚያቆም አድሬናሊን የነካ ጥጥ፣ ጋዝ፣ እንዲሁም በረዶ ውስጥ ተቀምጦ የሚቆይ፣ እብጠት የምንጫንበት ጠፍጣፋ ብረት። ቫዝሊን የሚቀባው ፊት ላይ ብቻ ነው፤ ሰውነት ላይ ከተቀባ ያዳልጣል፣ ማጭበርበር ነው። አንድ አሠልጣኝ «ትንሽ ትከሻው ላይ» ብሎ ሲጠቅሰኝ፣ የራሱን ራሰ በራ ቀብቼለት ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያን ላሉት ወገኖች «ስፖርት ሜዲካል ላይ ነኝ» ነበር ያልኳቸው። ውሸት አይደለም። ፓስተራችን አንድ እሁድ «ጌታ የእህታችንን የስፖርት አገልግሎት ይባርክ» ብሎ ጸለየ። ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ አሜን ያልኩት እኔ ነኝ።

በሦስተኛው ዓመት ነው ናቲ የመጣው። እጅ የምጠቀልልበት ክፍል ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ጋዝ እየቆረጥኩ ሳለ አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እጁን ዘረጋ። ቀና ስል የቤተ ክርስቲያናችን ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነው።

«እትዬ! እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«አንተስ? ዛሬ ልምምድ የለም እንዴ?»

«አናንዴል ጓደኛዬን ቤት ሙቭ ላስደርገው ነው ብያለሁ።»

«እኔ ደግሞ አሞኛል ብዬ ነው።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እናቱ እትዬ ዘነበች ስንት ጊዜ «ልጄን ይሄ ፍሪጅ ሊገድልብኝ ነው፣ በሩ ሁልጊዜ ዓይኑን ይመታዋል፣ ጸልዪለት» ብለውኛል። እኔም ስለ ፍሪጁ በእንባ ጸልያለሁ።

«ፍሪጁ ይሄ ነው?» አልኩት።

«ይሄ ነው» አለኝና ሁለታችንም እስኪያመን ሳቅን። ኢንስፔክተሩ ቴፑ ውስጥ የሆነ ነገር የደበቅን መስሎት እንደገና አስፈታን።

ናቲ ጥሩ ተፋላሚ ነበር። አንደኛውን ዙር አሸነፈ። ሁለተኛውንም እየመራ ሳለ የተጋጣሚው ክርን ግራ ዓይኑ ላይ አረፈበት፤ ቅንድቡ ተተረተረ። ደወል ሲደወል ሮጬ ገባሁ። ጥጡን ቁስሉ ውስጥ ከትቼ ተጫንኩ። ሰላሳ ሰከንድ ሳይሞላ ደሙ ቆመ። እውነቱን ለመናገር፣ በእጄ ኮራሁ።

የውድድሩ ሐኪም ከኋላዬ መጥታ ቆመች። ናቲ በአማርኛ አንሾካሾከ፦

«እትዬ፣ በግራ ዓይኔ አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ ነው የማየው። እንዳይነግሯት።»

«ምን አለ?» አለች ሐኪሟ።

ያሠለጠነው ኦቲስ አየኝ። ናቲም አየኝ። የቀረውን ሦስተኛ ዙር ካለፈ የሻምፒዮንነቱ ቀበቶ የእሱ ነው። «ውሃ ጠየቀኝ» ብል ማንም አያውቅም፤ በአዳራሹ ውስጥ አማርኛ የምንሰማው እኔና እሱ ብቻ ነን። ግን ዓይኑን ደግሜ አየሁት። ይሄ ልጅ የእትዬ ዘነበች ልጅ ነው።

«አንዱን ሰው ሁለት አድርጌ አያለሁ ነው ያለው» አልኳት።

ፍልሚያው እዚያው ቆመ። ናቲ ከወንበሩ ተነሥቶ ጮኸብኝ። «ከዳሽኝ! ከዳሽኝ እኮ!» ከ«እርስዎ» ወርጄ በአንድ ጊዜ «አንቺ» ሆንኩ። ኦቲስ በረዶውን ባልዲ እያነሣ «ከኛ ወገን አልነበርሽም እንዴ?» አለኝ። «ነኝ፤ ዓይኑም ከኛ ወገን ነው» አልኩት። ባልዲውን ይዞ ወጣ።

ሆስፒታል ራጅ ሲነሣ ከዓይኑ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ተገኘ። ንፍጡን እንኳ እንዳይናፈጥ ተከለከለ። እናቱን ኮል ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ ከታኮማ ፓርክ በታክሲ መጡ።

«ዛሬም ፍሪጁ ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ፤ ሰው ነው። ኬጅ ውስጥ እየተፋለመ።»

«አንቺስ የት ነበርሽ?»

«በሩ ላይ። ደም የማቆመው እኔ ነኝ።»

ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እየመራ ነበር?»

«አዎ፣ እየመራ ነበር።»

«ታዲያ ማን አስቆመው?»

«እኔ።»

«ሁለታችሁም ውሸታሞች ናችሁ» አሉና ለልጃቸው ያመጡትን ጁስ ከፍተው ለእኔ ሰጡኝ።

በሳምንቱ ፓስተሩ ወሬውን ሰምቶ እኔንና ናቲን ቢሮው ጠራን። «የስፖርት አገልግሎት ያልሽው ይሄን ነው? ጉባኤውን በሙሉ አሜን አስባልሽኝ እኮ» አለ። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ፍሪጁ ላይ ስንደርስ ፊቱን በመጽሐፍ ቅዱሱ ሸፈነ። ሦስት ወር መድረክ ላይ እንዳንወጣ ተወሰነብን።

ናቲ አምስት ወር አላናገረኝም። ሰላም ስለው የጊታሩን ክር ይመረምራል። ያ ቁጣው ከዓይኑ ይበልጥ እኔን አመመኝ፤ ማታ ማታ ልክ ነበርኩ ወይ እያልኩ ራሴን እጠይቅ ነበር። ኦፕራሲዮን ተደርጎ፣ ድኖ፣ የኮሚሽኑ ሐኪም ከፈቀደለት በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሌሎቹ ካትማኖች ፊት አልፎ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«እርስዎ ይጠቅልሉኝ» አለ።

ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ያን ቀን በነጥብ ተሸነፈ። እናቱ ከሦስተኛው ረድፍ ሆነው ዳኛውን ሲሳደቡ እስከ ኬጁ በር ድረስ ይሰማ ነበር።

በኋላ ሜሪላንድም ፈቀደች፤ ሥራውን ለሁለት ሴቶች አስተማርኩ። የነገርኳቸው አጭር ነው። ደሙን ስታቆሙ ዓይኑንም እዩ። ሐኪም «ምን አለ?» ብላ ከጠየቀቻችሁ፣ ያለውን እንዳለ ንገሯት።