«ቤቱ የእርስዎ ነው»

ዛሬ ጠዋት ጎረቤታችን ግድግዳ ሲመርግ የጭቃና የጭድ ሽታ እስከ ጓዳችን ገባ። ያን ሽታ አልወደውም።

በደርግ ጊዜ ነው፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አርባ ምንጭ ውስጥ ቀበሌው ያከራየን አሮጌ ቤት ጣሪያው ያፈስ፣ ግድግዳው ይረግፍ ስለነበር እዚያው እየኖርን ራሳችን አደስነው። አባቴ ጭቃውን በእግሩ ያቦካል፣ እናቴ ትመርጋለች፣ እኔ ውሃ አመላልሳለሁ። አልጋችንን ከጥግ ወደ ጥግ እየገፋን ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ በኖራ ስናነጣው እጃችን ተላጠ።

አባቴ ከጋሞኛ ሌላ ብዙም አያውቅም። «አማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሲመጣ ምን ይባላል?» ብሎ ጠየቀኝ። የአስተማሪያችን ሚስት እንግዳ ስትቀበል የምትለውን አስጠናሁት።

የቀበሌው ሊቀመንበር ቤቱን ሊያይ መጣ። ግድግዳውን በመዳፉ ዳበሰና፣ «ጓድ፣ እንዴት አምሯል!» አለ።

አባቴ ብድግ ብሎ እጅ ነሣና፣ «ቤቱ የእርስዎ ነው» አለው።

ሊቀመንበሩ ከት ብሎ ሳቀ። «እንግዲህ በገዛ አፍህ መሰከርክ!»

ቀልድ መስሎን አብረነው ሳቅን። በሳምንቱ ግን «በፈቃዳቸው ለቀዋል» የሚል ወረቀት ደረሰን። ሊቀመንበሩ ራሱ ሊገባበት ነው።

ዕቃችንን ስናወጣ አባቴ ጠጋ ብሎ በጋሞኛ፣ «ልጄ፣ ቃሉን አበላሽቼው ይሆን?» አለኝ።

አላበላሸውም ነበር። ልክ እንዳስጠናሁት ነው ያለው። እኔ ግን ይህን ሳልነግረው የውሃ ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ።

አሁን አማርኛ ተናጋሪ ሰው በራችን ላይ ሲቆም አባቴ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ጥፋቱ የምላሱ እንደሆነ ያምናል።