የአያ ይርጋ ተራ

ኅዳር 5 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ደባርቅ። በዚያች ሰዓት በአንድ ቃል ሰው በደልሁ። ይህን ለባለቤቴም ሆነ ለንስሐ አባቴ ተናግሬ አላውቅም። አሁን ለእናንተ የምናገረው ይቅርታ ፍለጋ አይደለም።

የዳባት ልጅ ነኝ፤ በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ኮምፒውተር ነው። ወደ ስሜን ተራሮች የሚወጡ እንግዶችን ጓዝ የሚጭኑት በቅሎ አከራዮች ተራ የሚያወጡበትን ፕሮግራም ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍሁት እኔ ነኝ። የታመመ ወይም ሐዘን የደረሰበት አባል ተራውን በስልክ ለጓደኛው ያስተላልፋል፤ የሸጠ ግን ከአከራዮቹ ማኅበር ይባረራል። ለዚህም እያንዳንዱ አባል ቁጥርና የይለፍ ቃል ነበረው። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ በየማለዳው በአደባባይ ይጠራልና። የሚጠብቃቸው የይለፍ ቃሉ ብቻ ነበር።

እንግዳ ሲበዛ ፕሮግራሙ ተንቀረፈፈ። «ከዚህስ በቅሎዬ ትፈጥናለች!» እያሉ አከራዮቹ በመስኮት ይጮኹብኝ ጀመር። ሊቀ መንበሩም በአንድ ቀን እንዳፈጥነው አዘዙ። እኔስ ምን አደረግሁ? የይለፍ ቃሉን የሚያረጋግጠውን ክፍል አወጣሁት። ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል መጠየቁን አልተወም፤ ነገር ግን ማንም ያሻውን ቢጽፍ ያስገባዋል። የመዘግየቱን ምክንያት አላውቅም ነበርን? አውቅ ነበር። አንድን ሰው ለማረጋገጥ የማኅበሩን መዝገብ በሙሉ እንዲያነብ አድርጌ የጻፍሁት እኔው ነኝ። እሱን ማቃናት ትዕግሥት ይጠይቃል፤ መጣል ግን ቀላል ነው። ጣልሁት። ፕሮግራሙ በረረ፤ እኔም ተመሰገንሁ። ምስጋናው ስለጣመኝ ያወጣሁትን አልመለስሁም።

ከዚያ የአያ ይርጋ ተራ ለአንድ ጎረምሳ ደጋግሞ ይተላለፍ ጀመር። አያ ይርጋ ከጃናሞራ የመጡ፣ ከአንዲት በቅሎ በቀር ሌላ የሌላቸው ሽማግሌ ናቸው። ጎረምሳው «በፈቃዳቸው ሰጡኝ» አለ። «ሳይታመሙ ይህን ያህል ማን ይሰጣል? ሸጠው ነው» ተባለና በዚያች ጠዋት በጉባኤ ፊት ቆሙ።

«አያ ይርጋ፣ በቅሎዋስ ለገበያ የምትወጣው መቼ ነው?» አለ አንዱ ከኋላ። ጉባኤው ሳቀ።

«ኮርቻዬን እንኳ ለወንድሜ አላውስም፤ ተራዬን ልሸጥ?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «እታለም፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ። ሌላ ሰው በእኔ ቁጥር ሊገባ ይችላል?»

«አይችልም» አልሁ።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ እኔ ምን እላለሁ» ብለው ተቀመጡ።

አውቄ ዋሸሁ። ከሰዓት በኋላ በሬን ዘግቼ ያን ክፍል እንደገና ጻፍሁት፤ የሚፈለገውን አንድ ሰው ብቻ አውጥቶ የይለፍ ቃሉን እንዲያረጋግጥ አደረግሁ። ከበፊቱም ይልቅ ፈጠነ። ፍጥነትና ጥንቃቄ ተጣልተው አያውቁም፤ ያጣላቸው የእኔ ስንፍና ነው። «ታዲያ አርመሽው የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አላረምሁም፤ ፈለጌን አጠፋሁ እንጂ። ማንም መጥቶ ቢመረምር የተቆለፈ በር ብቻ ያገኛል።

«ጥፋቱ የኮምፒውተር ነው» ብሎ ሊያጽናናኝ የሚሻ ካለ፣ ዝም ይበል። ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ፈጸመ። «ታዝዘሽ ነው» የሚለኝም አይድከም። ሊቀ መንበሩ አፍጥኚው አሉ እንጂ በሩን ክፈቺው አላሉም። በንስሐ አባቴ ጆሮ ሹክ ብዬ፣ ስግደቴን ሰግጄ መገላገል እችል ነበር። አላደርገውም። የሽማግሌው ስም የጠፋው በአደባባይ ነው፤ በሹክሹክታ አይመለስም። ስለዚህ ስማቸውን ጻፍሁ፤ ማኅበሩም ያነብበው፣ ይክሰሰኝም። ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ አያ ይርጋም ቢነፍጉኝ አልቀየማቸውም።

ከዚያ ጉባኤ በማግስቱ ጠዋት ማኅበሩ ወሰነ፤ አያ ይርጋ ከአባልነት ተሰርዘው ተራቸው ለዚያው ጎረምሳ እንዲሰጥ፣ እኔም ስለ ትጋቴ በጉባኤው ፊት እንድመሰገን። ሲያጨበጭቡልኝ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።