የሙሽሮች መዳፍ የሚያርፍበት ግድግዳ

በቆቦና በጎብዬ መካከል፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ በአክስቴ መንደር አንድ አሮጌ መስጊድ አለ። አሁን የሚሰገደው በአዲሱ ቢሆንም አሮጌውን የተወው ሰው የለም። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ሴቶቹ ከጤፍ ጭድ ጋር ጭቃ አቡክተው ግድግዳውን ይመርጉታል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻቸውም ውሃ ይቀዳሉ፣ ጭቃ ይረግጣሉ። ምርጊቱ ሲያልቅ በዚያ ዓመት ያገባች ሙሽራ መዳፏን እርጥቡ ግድግዳ ላይ ታሳርፋለች። በዓመቱ አዲስ ጭቃ ይሸፍነውና ተራው የሌላዋ ይሆናል።

ሥራዬ ቅርስ ጥበቃ ነው። መሥሪያ ቤታችን መስጊዱን ለመጠገን ሲያስብ መንደሩ ተሰበሰበ። ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ፤ የዚያን ቀን ግን ተነሥቼ፣ ግድግዳውን እስከ ዛሬ ያቆመው ይህ ምርጊት ስለሆነ እንዳይቋረጥ ለመንኩ።

"ልክ ብላለች፤ ጭቃው የእናንተው ነው" አሉ አለቃዬ። አክስቴ እልል አለች። ሽማግሌዎቹም ጥገናውን ፈቀዱ።

ወዲያው አለቃዬ እኔን ዋጃ በኩል ለሌላ ሥራ ላኩኝ። መስጊዱ በቆርቆሮ ተከልሎ ጥገናው ተጀመረ።

የዘንድሮዋ ሙሽራ የአክስቴ ልጅ ነበረች። በምርጊቱ ቀን በባጃጅ ስደርስ ቆርቆሮው ተነሥቷል። በቦታው የሽቦ አጥር ቆሞ በሩ ተቆልፏል። ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ያለፈው ዓመት ሙሽራ መዳፍ ብቻ በመስታወት ተሸፍኖ ይታያል። ሴቶቹ ጭቃቸውን ይዘው አጥሩ ሥር ቆመዋል።

"አንች ልጅ፣ ቁልፉ ያንች መሥሪያ ቤት አይደል? ክፈችው እንጅ!" አለች አክስቴ እየሳቀች።

አለቃዬ ጋ ደወልኩ።

"ጭቃው የእናንተው ነው ብለዋቸው ነበር እኮ።"

"እሱማ ለስብሰባ የተባለ ነው!" ብለው ሳቁ። "አንቺ ባትናገሪ ኖሮ መች እሺ ይሉን ነበር?"

ስልኬ ድምፁ ከፍ ያለ ነው። አክስቴ ሰማች፤ ሳቋ ጠፋ።

"ወላሂ፣ ተምራ ትደርስልናለች ስንል!" አለች ከኋላ አንዷ ሴት።

ሙሽራዋ ቀኝ እጇን ጭቃ ነክራ ስትጠብቅ ኖሯል፤ ጣቶቿ ላይ መድረቅ ጀምሯል። አክስቴ ውሃ አፍስሳ አስታጠበቻት። ሴቶቹም ጭቃውን ለጎተራ መምረጊያ እንዲሆን ወደየቤታቸው ይሸከሙ ጀመር። እኔም አንዱን ባልዲ ላነሣ ጎንበስ ስል አክስቴ ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው።

"ተይው፤ ልብስሽ ይቆሽሻል" አለችኝ፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።