ቅቤ የተከለከለበት አልጋ

ሰበታ የገባን ሰሞን አልጋችን አንድ ብቻ ነበር፤ እኔ በግድግዳው በኩል፣ እማ በበሩ በኩል። ጓደኞቼ አዲስ አበባ ቀርተዋል። በአዲሱ ትምህርት ቤቴ ልጆቹ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይስቃሉ፤ እኔ ነገሩ ገብቶኝ ልስቅ ስል ሳቁ አልቋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ወሬ ለእማ ነው የማራግፈው፤ ጀርባዋን ሰጥታኝም ቢሆን።

እማ የመኪና የፊት መስታወት የሚሠራበት ፋብሪካ ተቀጥራለች። እኔ መስታወቱ አንድ ይመስለኝ ነበር።

“ሁለት ነው እንጂ!” አለችኝ።

ሁለት ስስ መስታወቶች ተደራርበው ምድጃ ይገባሉ። ሲግሉ ይለሰልሱና በራሳቸው ክብደት ቅርጽ ማውጫው ላይ ይጎብጣሉ። ከቀዘቀዙ በኋላ ተለያይተው መሃላቸው ወፈር ያለ ላስቲክ ይነጠፋል። ድንጋይ ሲመታው ተሰንጥቆ ሰው ላይ የማይረግፈው ላስቲኩ ስለሚይዘው ነው። መጀመሪያ እንደ አጓት ደብዛዛ ነው አሉ፤ አየሩ ተመጦ፣ በሙቀትና በከባድ ግፊት ታሽጎ ሲቆይ ነው ጥርት የሚለው።

እማ ላስቲኩን ከሚያነጥፉት አንዷ ናት። ክፍላቸው አቧራ አያውቅም። ነጭ ቱታ ለብሰው፣ ቆብ አጥልቀው፣ በሩ ላይ ነፋስ ተነፍቶባቸው ነው የሚገቡት። ነጠላ ክልክል፣ ክሬም ክልክል፣ ከሁሉም በላይ የፀጉር ቅቤ ክልክል። ቅባት በነካው ቦታ ላስቲኩ አይይዝም፤ አረፋ ይሠራል፣ መስታወቱም ይጣላል።

አከራያችን ይሄን ከየት ይወቁት? አንድ ቀን ከትምህርት መልስ ደጃፍ ላይ ብቻዬን ተቀምጬ አዩኝ።

“ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ፀጉር ነው ወይስ ጭድ?”

ጉልበታቸው ሥር አስቀመጡኝና ለጋ ቅቤ አናቴ ላይ ደፉብኝ። ጣታቸው ሲሞቅ! ከእማ ሌላ ሰው ሲነካኝ ሰበታ ከገባን የመጀመሪያዬ ነበር። ቅቤው በግንባሬ ሲወርድ እንኳ አልጠረግኩትም።

እማ ደክሟት ገብታ ልብሷን እንኳ በቅጡ ሳትቀይር ተኛች። እኔም አጠገቧ። ትራሳችንም አንድ ነው።

በማግስቱ ከሰዓቷ በፊት መጣች። ትራሱን አንስታ አሸተተችው። ቅቤው ከእኔ ወደ ትራሱ፣ ከትራሱ ወደ እሷ ፀጉር ሄዷል። ሥራ ላይ ሆና ያፈተለከ ፀጉሯን በጓንቷ ወደ ቆቧ መለስ አደረገች፤ በዚያው ጓንት ላስቲኩን ነካች፤ መስታወቱ አረፋ ሠርቶ ተጣለ።

“አለቃዬ ምን አለኝ መሰለሽ? ‘ሰርግ ቤት መሰለሽ እንዴ?’ ሁሉም ሳቁ።”

እሷ አልሳቀችም። ከተደገመ ዱከም ወዳለው መጋዘን ያዛውሯታል። ከዚያ በየቀኑ መመላለስ አይቻልም፤ የምትመጣው እሁድ እሁድ ብቻ ይሆናል ማለት ነው። እኔ ደግሞ የቀረውን ሳምንት ለማን ላወራ ነው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማ ፍራሽ መሬት ላይ አንጥፋ ትተኛ ጀመር። ፀጉሬን በሳሙና አጠብኩ፣ ደግሜ አጠብኩ። ከሩቅ አንገቷን አስግጋ ታሸታለች።

“አሁንም አለ።”

አልጋው ሙሉ ለሙሉ የእኔ ሆነ፤ እንደዚያ ጠቦኝ ግን አያውቅም። መሬት ላይ ለተኛ ሰው ደግሞ ወሬ አይወራም፤ ድምፅን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል።

በመጨረሻ፣ “እማ፣ ቆብሽን አምጪልኝ” አልኳት።

“ለምንሽ?”

“አምጪልኝ ብቻ።”

የሚጣል አንድ አሮጌ ቆብ ይዛልኝ መጣች። እራት እንደበላን ትራሳችንን አዲስ ልብስ አለበስኩት። ፀጉሬን አንድም ሳላስቀር ቆቡ ውስጥ ከተትኩና አልጋው ላይ ቆሜ ሁለት እጄን ዘረጋሁ።

“ንፊብኝ፣ ፈትሺኝ፣ አስገቢኝ!”

እማ አፏን ይዛ ቀረች። ከዚያ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። “አንቺ ልጅ! አለቃዬ ይሄን ቢያይ እኔን አባሮ አንቺን ይቀጥር ነበር።” ተጠጋችና ፊቴ ላይ “እፍ!” አለችብኝ። ዞር አድርጋኝ ማጅራቴን አሸተተች። ቆየች።

“እለፊ” አለች።

በግድግዳው በኩል ገባሁ። በበሩ በኩል ገባች። ብርድ ልብሱን ከመሃል ወደ ዳር፣ ከመሃል ወደ ዳር በመዳፏ ዳበሰችው።

“ምን እያደረግሽ ነው?”

“አየር እንዳይቀር።”

የሰነበተውን ወሬ ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለ ሒሳብ አስተማሪዬ ስነግራት ሳልጨርስ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ስነቃ የፋብሪካው ሰርቪስ ወስዷታል። በበሩ በኩል ያለው ቦታ ቀዝቅዟል። ቆቡን ሳላወልቅ ወደዚያ ተንከባለልኩ።