በሩ አባባን እንዲረሳ ያደረግሁበት ቀን

አባባ ሞጣ ላይ እህል ነጋዴ ነበሩ። በሕይወታቸው አንድ ቅብጠት ብቻ ነበረቻቸው፤ እሷም በሪሞት የሚከፈት የጋራዥ በር ናት። ሰፈሩ «ከመኪና ወርዶ በር መክፈት ያቃተው ሽማግሌ» እያለ ሲስቅባቸው እሳቸው ደስ ይላቸው ነበር። ሪሞቷ ከካፖርታቸው ኪስ አትወጣም። ከመጋዘን ሲመለሱ ገና ጥጉን ሳይታጠፉ ኪሳቸው ውስጥ እንዳለች ይጫኗታል። በሩ እያጓራ ወደ ላይ ይሄዳል፣ እማዬም ድምፁን ሰምታ ራት ለማቅረብ ትነሳለች። ስንት ዘመን እንዲህ ኖሩ። «መጣሁ» ብለው አያውቁም፤ በሩ ነበር የሚናገርላቸው።

ከዚያ ሞቱ።

አርባቸው ሲወጣ እማዬ ልብሳቸውን ለነፍሳቸው ሰጠች። ካፖርቱ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለሚኖሩ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ደረሰ። በእኛ ቤት የሙት ልብስ ኪሱ አይፈተሽም፤ እንደታጠፈ ይሰጣል። «ለነፍስ በሰጠሽው ላይ እጅሽን ከሰደድሽማ ሰስተሻል ማለት ነው» ትላለች እማዬ። እኔም አልነካሁም። ቢቸና ወደ ቤቴና ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማዬ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ደስ ብሎታል፤ ያስደነገጠኝም እሱ ነው።

«አባትሽ እየመጡ ነው» አለችኝ። «መሸት ሲል በሩ ይከፈታል።»

«በስመ አብ! እማዬ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ይሆናላ!»

«እንግዲያው መብራቱ የአባትሽን ሰዓት ያውቃል» ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ምን ላድርግ፣ ሄድሁ። በደረስሁበት ዕለት ፀሐይ ስትጠልቅ ሳሎን ተቀምጠን ነበር። ማንም ምንም ሳይነካ ከወዲያ በኩል ያ ማጓራት ተነሣ። እየሮጥሁ ጋራዡ ደረስሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የአባባ ፒካፕ አቧራዋን ለብሳ ቆማለች፤ መንገዱ ላይ ሰው የለም። ውሻ እንኳ አልጮኸም።

«ይግቡ እንጂ፣ ብርድ ነው» አለች እማዬ ከኋላዬ። ለእኔ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ቀርቶ ዝም ብላ ራቷን በልታ ብትተኛ ምን ነበረበት! እሷ ግን በሩን አታስዘጋም። ጋራዡ ውስጥ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ በብርዱ ትጠብቃለች። ሳሏ ከደረቷ ጥልቅ ነው የሚወጣው። አንድ ቀንማ ጅብ ገብቶ ጎረቤት ነው በጩኸት ያባረረላት። ቢቸና ወስጄ ከእኔ ጋር ላኖራት ለመንኋት።

«እኔ ሄጄ እሳቸው ባዶ ቤት ይግቡ?» አለችኝ። ከዚህ በር ካልነጠልኋት ብርዱ እንደሚገድላት ያን ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ሲመሽ ውጭ ወጥቼ ቆምሁ። ከአጥራችን ጥግ ዞር ስል፣ አባባ ድሮ የሚያርፉበት ድንጋይ ላይ፣ የአባባ ጀርባ ተቀምጧል። ካፖርቱ፣ የጎበጠው ትከሻ፣ ሁሉም።

«አባባ» አልሁ ሳላስበው።

ዞር አሉ። መነኩሴው ናቸው። ከሠርክ ጸሎት ሲመለሱ ማረፋቸው ነው። ጎናቸውን አጥሩ ላይ ደገፍ ሲያደርጉ ከኋላዬ በሩ አጓራ።

«አባ፣ ኪስዎ ውስጥ ምን አለ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ? እንደታጠፈ ሰጡኝ፣ እንደታጠፈ ለበስሁት።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ እንባዬ። «ሪሞቷን ይመልሱልኝ» ልል አፌን ከፈትሁና መልሼ ገጠምሁት። ለነፍስ የተሰጠ አይመለስም፤ እንኳን እማዬ እኔም አላደርገውም። ሰውየውን ካልነካሁ የቀረኝ በሩ ነው።

በሩን ለገጠመው ባለሙያ ደወልሁ። «ሞተሩ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች» አለኝ። «መብራቷ እስክትጠፋ ተጭነሽ ያዣት። የሚያውቃቸውን ሪሞቶች በሙሉ ይረሳል። ከዚያ፣ ቤት ያለችውን ትርፍ ሪሞት እንደ አዲስ ታስተምሪዋለሽ።» «ይረሳል?» ብዬ ደግሜ ጠየቅሁት።

ጠዋት ወንበር ላይ ወጥቼ ሞተሩን ስነካካ እማዬ መጣች። መደበቅ አልቻልሁም፤ የካፖርቱን ነገር አንድ በአንድ ነገርኋት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር።

«እሱማ መቼ ጠፋኝ?» አለች። «የሰጠሁትን ካፖርት አላውቀውም? በሞጣ ስንት ድንጋይ አለ። እኚያን ሰው ከአባትሽ ድንጋይ ላይ፣ በአባትሽ ሰዓት፣ ማን እያመጣ ያስቀምጣቸዋል?»

ወደ ሞተሩ ዞሬ ቁልፏን ተጫንሁ። ትንሿ ቀይ መብራት ትክ ብላ አየችኝና ጠፋች።

ሲመሽ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። ከጥጉ የመነኩሴው ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማን። እማዬ ብድግ ልትል ከጀላት። በሩ ዝም። ቆይቶ እርምጃው ራቀ።

«በር ላይ ደርሰው ተመለሱ» አለች። በነጋታው ራሷ ጓዟን ሸክፋ ቆየችኝ። የለመንሁትን አገኘሁ፤ ግን ደስታ የሚባል ነገር አልተሰማኝም።

የእኔ የቢቸና በር ቆርቆሮ ነው፤ ሞተር የለው፣ ሪሞት የለው፣ አንድ የዛገ መቀርቀሪያ ብቻ። በመጀመሪያው ምሽት እማዬ ተነሥታ መቀርቀሪያውን ሳበችና በሩን ከፍታ ደፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ምን ሆንሽ እማዬ?»

«ሞጣ ተዘግቶባቸዋል። እዚህ ደግሞ ካልከፈትሁላቸው ማን ይከፍትላቸዋል?»

እኔ እዘጋለሁ፣ እሷ ትከፍታለች። ተቆጣሁ፣ ለመንሁ፣ አለቀስሁ። በየምሽቱ እንዲህ ስንነታረክ ከረምን። ሰሞኑን ግን ሳሉ አልጋ ላይ ጣላት፤ ያለ ደጋፊ መነሣት አቃታት። አሁንስ በሩ ተዘግቶ ያመሻል አልሁ።

ትናንት መሸት ሲል ምስር እየለቀምሁ ነበር። መቀርቀሪያው ሲንቋቋ ሰማሁ። በድንጋጤ ቀና አልሁ። ምስሩ ወንበሬ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፤ እኔ ግን በሩ ላይ ቆሜያለሁ፤ የመቀርቀሪያው ብረት በራሴ እጅ ነው።

«ከፈትሽላቸው?» አለች እማዬ ከአልጋዋ።

ከውጭ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ።

«ከፈትሁላቸው» አልኋት።